ከሾፌር ደመወዝ እጅ ላይ የሚቀረው

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳር፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ረጲ አካባቢ የሚገኘው ቆሼ የከተማው ቆሻሻ ለ50 ዓመት ያህል ሲደፋበት የኖረ ሥፍራ ነው። የጽዳት ማኅበራት ከየቤቱ የሚሰበስቡትንና በየመንደሩ ገንዳ የሚጠራቀመውን ቆሻሻ ጭኖ እዚህ ሲያደርስ የኖረው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ይህ ሥራ በገጠር ብዙም አይወራም። የገበሬው ልጅ በአስፋልቱ ዳር ከብት ሲጠብቅ የሚያየው ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን ባለ ተሳቢ ነውና ሾፌርነትን የሚመኘውም ያንን እያየ ነው። ይሁን እንጂ መንጃ ፈቃዱን ገና ትናንት ለያዘ ወጣት ባለ ተሳቢ የሚያስረክብ ባለ ንብረት በቀላሉ አይገኝም። የመጀመሪያ እንጀራው ብዙውን ጊዜ ረዳትነት፣ አለዚያም ቆሻሻ፣ አሸዋና ድንጋይ በከተማ ውስጥ ማመላለስ ነው።

ነገሩ ሕዝቡ ዛሬም «ገበሬ ማኅበር» እያለ የሚጠራውን የገጠር ቀበሌ መሪዎች በቅርብ ይመለከታል። ለመንጃ ፈቃድ ሥልጠና የሚከፈለው ገንዘብ በሬ ተሸጦ የተገኘ ሊሆን ይችላል፤ ሥራ ሲገኝም «ተያዥ አምጣ» ስለሚባል ወጣቱ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ሊቀ መንበሩ ደጅ ነው። ስለሆነም በሬው ከመሸጡና ፊርማው ከመፈረሙ በፊት ሒሳቡ ተሠርቶ መታየት ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ሁሉ የሚሠራ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ሳይኖር ቆይቷል። ለንጽጽር የሚያገለግለው በመስከረም 2018 ዓ.ም. 6,000 ብር የሆነው የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ነው። የሾፌር ደመወዝ እንደ መኪናው፣ እንደ ልምዱና እንደ ቀጣሪው ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል። ለምሳሌ ያህል ግን አንድ ጀማሪ በወር 6,000 ብር ተቀጠረ እንበል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር መጣኔ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። በሚቀጥለው 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ በመጨረሻው 2,000 ላይ 20 በመቶ ሲታሰብ ግብሩ 700 ብር ይሆናል። ለጡረታ የሚቆረጠው 7 በመቶ ደግሞ 420 ብር ነው። እጅ ላይ የሚገባው 4,880 ብር ሲሆን የአዲስ አበባ ቤት ኪራይና ቀለብ የሚወጡት ከዚሁ ነው። ለቤተሰቡ የሚላከው ከዚያ የተረፈው ብቻ ነው፤ የበሬውም ዋጋ የሚመለሰው በዚያው መጠን ነው።

በትርፍ ሰዓት ይካካሳል የሚል አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓትም በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የ6,000 ብሩ ሾፌር በሰዓት የሚደርሰው 29 ብር ገደማ ስለሆነ ትርፉ ሰዓት 43 ብር ያህል ይሆናል። ሆኖም ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 ሊበልጥ ስለማይችል በዚህ መንገድ የሚገኘው ሳምንታዊ ገቢ፣ ግብር ሳይነካው እንኳ፣ 520 ብር አይሞላም።

በወር ሳይሆን በቢያጆ የሚቀጠር ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለበት፤ ወረፋ የጠበቀበት ሰዓት ቢያጆ አይደለም። በክረምት ጭቃ የያዘው መኪና፣ ጎሚስታ ዘንድ የቆመ መኪና ገቢ የለውም። የመድረሻው ርቀት መለወጥም አለ። በ2008 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ቆሻሻ በሰንዳፋ አዲስ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች አጥብቀው ስለተቃወሙ በወራት ውስጥ ተዘግቶ መኪናዎቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። ሰንዳፋ ከከተማው ወጥቶ በሰሜን ምሥራቅ፣ ቆሼ በምዕራብ ነው። በአንድ ዋጋ በቢያጆ ለተዋዋለ ሰው መድረሻው ሲርቅ በቀን የሚያገኘው ምልልስ ይቀንሳል። እንግዲህ ውሉ ከየት እስከ የት እንደሆነ ካልተጻፈ ኪሳራው የሾፌሩ ነው። ቆሻሻው በተመለሰ በዓመቱ ሳይሞላ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ረጅም መንገድ የሚሄዱት የሚያወሩት ገቢ ብዙውን ጊዜ ከአበል ጋር የተደመረ ነው። በአዋጁ ግን ውሎ አበልም ሆነ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ደመወዝ አይባልም። የሥራ ስንብት ክፍያና የዓመት ዕረፍት የሚታሰቡት በደመወዙ ነው። በመሆኑም ትንሽ ደመወዝና ብዙ አበል የሚሰጥ ቀጣሪ መኪናው እየሄደ እያለ ቸር ይመስላል፤ መኪናው ሲቆም ነው ልዩነቱ የሚታየው። ውል በጽሑፍ ካልተደረገ ቀጣሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት ግዴታው ነው። ለጠፋ ዕቃ ወይም ለተሰበረ መስተዋት ተብሎ የሚቆረጥም ቢኖር በሕግ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ መሆን አለበት፤ ተደምሮም ከወሩ ደመወዝ ሢሶ አይበልጥም።

ተያዥነት ከሁሉም ይከብዳል፤ የሚጠፋው የሌላ ሰው ጥማድ በሬ ሊሆን ይችላልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 ዋስ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ እንደማይኖረው ይደነግጋል። ቀጣሪው ባዘጋጀው ወረቀት ላይ የገንዘቡ ቦታ ባዶ ከሆነ፣ ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ ቁጥሩን ማስጻፍ፣ ከዚያም በሁለት ምስክር ፊት በገዛ ስሙ መፈረም ነው ያለበት። የማኅበሩ ማኅተም በዚያ ወረቀት ላይ የሚያርፍበት ምክንያት የለም።