ሥዕል የሚያስተምረው መቼ ነው?

በአንድ የደጋ አገር ትምህርት ቤት የሚማር ሕፃን፣ «ባሕረ ሰላጤ ምንድር ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ወደ የብስ ገባ ያለ የባሕር ክፍል ነው» ብሎ ሳይሳሳት ይመልሳል። መምህሩም «ጐበዝ!» ይለዋል፤ ነጥቡም ይሰጠዋል። ነገር ግን ያ ሕፃን ባሕርን ከቶ አላየም፤ ውሃና የብስ የሚገናኙበትንም ዳርቻ በሐሳቡ ሊሥለው አይችልም። በአፉ የያዘው ቃሉን እንጂ ነገሩን አይደለም። ፈተናው ካለፈ ከወር በኋላ ያው ጥያቄ ቢቀርብለት፣ ቃሉም እንደ ጉም ተኖ ይገኛል።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም። በቃል ብቻ የተያዘ ትምህርት ለሚቀጥለው ትምህርት መሠረት ሊሆን አይችልምና፣ ልጁ ክፍል በጨመረ ቍጥር እየተደናገረ ይሄዳል። መምህሩ «ሰነፍ ነው» ይላል፤ ጓደኞቹ ይሥቁበታል፤ ከእርሻና ከከብት ጥበቃ አስቀርተው የላኩት ወላጆቹም «ትምህርት አልሆነለትም» ብለው ተስፋ ይቈርጣሉ። ነገሩ ሲመረመር ግን፣ ብዙ ጊዜ የጐደለው የልጁ አእምሮ አይደለም፤ ቃሉን የሚያሳርፍበት ሥዕል በልቡናው አለመኖሩ ነው። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንደ ተባለ፣ በልቡና ያልተሣለ ነገርም አይታሰብም፤ አይመረመርም።

በቤተ ክርስቲያንም በዘመናዊውም ትምህርት ቤት ተምረን፣ ዛሬ በጠመኔና በሰሌዳ የምንኖር እኛ መምህራን፣ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም ሥዕል ታላቅ የትምህርት መሣሪያ መሆኑን፣ ነገር ግን ተማሪው ራሱ ዐይቶ እንዲናገርበት ካልተደረገ በቀር ከግድግዳ ጌጥ የማይሻል መሆኑን ነው።

አባቶቻችን እንዴት ያስተምሩበት ነበር?

በሥዕል ማስተማር ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ለእነዚህ ሰዎች በዐድዋ አቅራቢያ የሚገኘው የአባ ገሪማ ገዳም ጥንታውያን ወንጌሎች በቂ ምስክር ናቸው። የብራናቸው ዕድሜ በኦክስፎርድ በሳይንስ መንገድ ሲመረመር፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። በእነዚህ መጻሕፍት የወንጌላውያን ሥዕል አለ። ደግሞም አራቱ ወንጌላት በየትኛው ክፍል እንደሚገናኙ የሚያሳየው የአውሳብዮስ ሠንጠረዥ፣ በአዕማድና በቅስት አጊጦ ተሥሏል። ይህ ሠንጠረዥ አንባቢውን ብዙ ቅጠል ከማገላበጥ የሚያድን የዓይን መሪ ነው።

በአብያተ ክርስቲያናትም የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የሚሸፈነው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ፊደል ላልቈጠረው ምእመን መጽሐፍ እንዲሆነው ጭምር ነው። ሥዕሉም የራሱ ሰዋስው አለው። በጎንደር ዘመን ሥዕሎች ጻድቃን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው በሁለት ዓይናቸው ሲመለከቱ ይታያሉ፤ ኃጥአን ግን በአብዛኛው በጐን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ሥርዐት ያወቀ ሕፃን፣ አዲስ ሥዕል ፊት ቢቆም እንኳ ማን ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ በራሱ ለይቶ ይናገራል። በብዙዎቹም ላይ «ዘከመ» በሚል ቃል የሚጀምርና የሥዕሉን ነገር የሚገልጥ አጭር የግእዝ ጽሑፍ ይገኛል። እንግዲህ ሥዕሉ ብቻውን አልተተወም፤ ጽሑፍ ታክሎለታል፤ አጠገቡም ቆሞ ታሪኩን የሚተርክ ካህን ወይም አያት ነበረ።

የፊደል ገበታውንም እናስብ። ሕፃኑ በየኔታ ፊት ተቀምጦ፣ በስንደዶ ፊደሏን እየነካ በአፉ ስሟን ይጠራል። በዚህ ጊዜ ዓይኑ፣ እጁ፣ ጆሮውና አንደበቱ በአንድነት ይሠራሉ። ስንደዶው በአንዷ ፊደል ላይ ቆሞ አፉ ወደ ሦስተኛዋ የሮጠ እንደ ሆነ፣ ልጁ በቃሉ ይዞ እንጂ ዐይቶ እንዳላነበበ የኔታ ወዲያው ያውቁበታል። ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ዛሬም አልተገኘም።

ጌታችንም ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ረዥም ንግግር አላደረገም። ዲናር እንዲያመጡለት አዘዘ፤ በላዩ ያለው መልክና ጽሕፈት የማን እንደ ሆነም ጠየቃቸው። የቄሣር መሆኑን ራሳቸው ተናገሩ፤ ትምህርቱም በዚያው በመልሳቸው ላይ ተመሠረተ። አሳያቸው፤ ጠየቃቸው፤ አናገራቸው፤ ከዚያም አስተማራቸው። መምህር የሆነ ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል ቢያስተውለው ይጠቀምበታል።

የውጭ አገር ሊቃውንት ምን አገኙ?

በአውሮጳም ይኸው ሐሳብ ቀስ በቀስ ተገልጧል። ኮሜኒየስ የተባለው የቼክ ተወላጅ መምህር፣ በዘመኑ የነበሩ ሕፃናት የላቲን ቋንቋ ቃላትን ትርጉማቸው ሳይገባቸው ሲያጠኑ አይቶ አዘነ። ስለዚህ በ1658 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኑረምበርግ ከተማ 150 ርእስ ያለው ባለሥዕል የሕፃናት መጽሐፍ አሳተመ። በሥዕሉ ውስጥ ባለው በእያንዳንዱ ነገር ላይ ቍጥር አኖረ፤ ያንኑ ቍጥር በጽሑፉ ውስጥ ካለው ስም አጠገብ ደገመው። ሕፃኑ ቃሉን አንብቦ ቍጥሩን ይፈልጋል፤ ቍጥሩን አግኝቶ ነገሩን ያያል።

በእኛም ዕድሜ ነገሩ በፈተና ተመርምሯል። ሮጀር ሼፓርድ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት፣ ለሰዎች 612 ሥዕሎችን በተራ አሳየ። ቀጥሎም ከታዩት አንዱን ካልታየ ሌላ ጋር አጣምሮ «ቀድሞ ያየኸው የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀ። ሰዎቹም ከ100 ከ95 በላይ የሚሆነውን ለይተው ዐወቁ። በቃላት በተደረገው ተመሳሳይ ፈተና ውጤቱ ከዚህ ያነሰ ነበር። የካናዳው ሊቅ አለን ፓይቪዮ ደግሞ በ1971 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ምክንያቱን ለማስረዳት ሞከረ። እንደ እርሱ አስተሳሰብ፣ ቃልና ሥዕል ያለው ነገር በአእምሮ ውስጥ በሁለት መንገድ ይቀመጣልና፣ አንዱ መንገድ ቢዘጋ በሌላው ይገኛል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናትም፣ የቃሉን ነገር በእጃቸው የሣሉ ሰዎች ቃሉን ደጋግመው ከጻፉት ይልቅ አብልጠው እንደሚያስታውሱ አሳይቷል፤ ለዚህም የሥዕል ችሎታ አላስፈለጋቸውም።

ጌጥ የሆነ ሥዕልና ትምህርት የሆነ ሥዕል

ይህን ሁሉ ስንል፣ ግድግዳውን በሥዕል የሞላ ክፍል ሁሉ የሚያስተምር ነው ማለታችን አይደለም። ሥዕል ያለ ጥበብ ከቀረበ ያሳስታል። የወባ ትንኝ የእጅ መዳፍ አክላ የተሣለችበትን ወረቀት ያየ ልጅ፣ «እንዲህ ያለች ትንኝ በእኛ አገር የለችም» ቢል አይፈረድበትም፤ ከአጠገቡ እውነተኛ መጠኗን የሚያሳይ ነጥብ መኖር ነበረበት። እንዲሁም ከትምህርቱ ጋር ግንኙነት የሌለው የሚያምር ሥዕል የልጁን ዓይን ወደ ራሱ ስቦ ዋናውን ነገር ያስረሳዋል። በአንድ ወረቀት ላይ ሃያ ነገር ማጨቅም፣ አንድም ነገር እንዳይታይ ማድረግ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን መምህሩ ሥዕሉን ሰቅሎ፣ ራሱ አንብቦ፣ ራሱ ተርጕሞ ሲጨርስ ነው። እንዲህ ከሆነ የተማሪው ዓይን ቢያይም ልቡ አይሠራም።

በባዶ እጅ እንዴት ይሠራበታል?

«ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል፣ መጽሐፉም ለሁሉ በማይዳረስበት ስፍራ ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚል መምህር አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። ከላይ የጠቀስነውን ባሕረ ሰላጤ እንውሰድ። መምህሩ አስቀድሞ ቃሉን አይናገር። በጠመኔ የየመንን ደቡባዊ ዳርቻ በላይ፣ የሶማሌን ሰሜናዊ ዳርቻ በታች፣ ጅቡቲን በስተምዕራብ ቀስ ብሎ ይሣል። ልጆቹ እጁን በዓይናቸው ይከተሉታል፤ ተሠርቶ ካለቀ ሥዕል ይልቅ ሲሠራ የሚያዩት ሥዕል ልባቸውን ይይዘዋልና።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ «ምን ታያላችሁ?»፤ ሁለተኛ፣ «ይህን ያልኸው ምን አይተህ ነው? መጥተህ በጣትህ አሳየን»፤ ሦስተኛ፣ «መርከብ ከዚህ ወደ ቀይ ባሕር ለመግባት በየት በኩል ያልፋል?»። አንዱ ልጅ ጣቱን በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር ላይ ሲያደርግ፣ ሌላው «በሩ ቢዘጋ መርከቡ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ከልጁ በመጣ ጊዜ ትምህርቱ ገብቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ መምህሩ «ይህ ወደ የብስ ገባ ያለው ባሕር የዔደን ባሕረ ሰላጤ ይባላል» ቢል፣ ቃሉ የሚያርፍበት ቤት አገኘ። በመጨረሻም ሰሌዳው ይጠፋና እያንዳንዱ ልጅ ካስታወሰው በደብተሩ ይሣል። የእጁ ሥራ ባያምርም፣ የጐደለው ነገር ምን እንዳልገባው ለመምህሩ ይነግረዋል።

ወረቀት ለሚቸግረው፣ የማዳበሪያ ከረጢት ተዘርግቶ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ካርታና የሰውነት ክፍል ሥዕል ይሠራበታል። አሮጌ የቀን መቍጠሪያም ጀርባው ንጹሕ ነው። ዓይነ ስውር ተማሪ ባለበት ክፍል ደግሞ፣ የባሕሩን ዳርቻ በገመድ፣ ተራራውን በጭቃ ሠርቶ በእጁ እንዲዳስሰው ማድረግ ይገባል፤ ለእርሱ ሥዕሉ በጣቱ ነውና።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምራለን። ንባብ በሚጀምሩ ሕፃናት ዘንድ ሥዕል የስንፍና መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። ልጁ የአንበሳውን ሥዕል አይቶ «አንበሳ» ቢል፣ አነበበ ማለት አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ ሥዕሉን በእጅ ሸፍኖ ቃሉን ያንብብ፤ ከዚያም ሥዕሉን ገልጦ ትክክል መሆኑን ራሱ ይመርምር።

የወላጆች ድርሻ

ይህ ሥራ ለመምህራን ብቻ የተተወ አይደለም። ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ ልጇን በሥዕል ልታስተምረው ትችላለች፤ መጠየቅ እንጂ ማንበብ አያስፈልጋትምና። ለበዓል ቤተ ክርስቲያን ስትስም፣ ልጇን በአንድ ሥዕል ፊት አቁማ፣ «ይህ ማን ነው? በእጁ ምን ይዟል? ፊቱ ለምን ወደ ጐን ዞረ?» ትበለው። ልጁ ያላወቀውን ነገር ከካህኑ ጠይቀው በአንድነት ይረዱታል። ከመማሪያ መጽሐፉም አንድ ሥዕል ገልጦ እንዲተርክላት ብታደርገው፣ ተማሪው ለዚያች ሰዓት መምህር ይሆናል፤ ሌላውን የሚያስተምር ደግሞ ራሱ ሁለት ጊዜ ይማራል።

ዛሬ በየቤቱ የገባው የእጅ ስልክ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አያቶቻችን በዕድሜያቸው ካዩት የበለጠ ሥዕል በልጆቻችን ፊት ያሳልፋል። የሚያልፈውን ሁሉ የሚያይ ዓይን ግን ምንም አይዝም። ስልኩን ጨርሶ መከልከል የማይቻልበት ቤት ቢኖር፣ አንዱን ሥዕል አስቁሞ «ምን አየህ? እውነት መሆኑን በምን ዐወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በተለይ በዚህ ዘመን፣ ያልሆነውን እንደ ሆነ አስመስሎ የሚሥል መሣሪያ ስለ ተፈጠረ፣ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ልጁን ከመታለል የሚጠብቀው ጋሻ ነው።

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይባላል። ብርሌው ጠጁን አሳይቶ ያጠጣል እንጂ ጠጁን አይተካም። ሥዕልም እንዲሁ ትምህርትን አሳይቶ ያቀርባል እንጂ የመምህሩንና የወላጁን ጥያቄ አይተካም። ስለዚህ መምህራን ከማስረዳታችን በፊት እናሳይ፤ ካሳየን በኋላም ዝም ብለን ልጆቹ የሚሉትን እንስማ። ወላጆችም ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ አስቀድሞ፣ «ዛሬ ምን አየህ? እስቲ ሥለህ አሳየኝ» በሏቸው።