በአያቶች ድንጋይ ላይ የልጆች አሻራ

ባለፈው ዓመት ቤት ስናድስ የአያቴን የእንጨት ሳጥን ለቆራሌው ሸጥኩት። ዛሬም ይቆጨኛል። እርስዎስ የወረሱትን አሮጌ ዕቃ ምን ያደርጉታል? ይጥሉታል? እንደነበረ ያስቀምጡታል? ፒክቶች ሦስተኛ መንገድ ነበራቸው።

ፒክቶች በሰሜንና በምሥራቅ ስኮትላንድ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ሮማውያን ስማቸውን መጀመሪያ የጠቀሱት እ.ኤ.አ. በ297 ነው። የእነሱ ትልቁ ቅርስ ከ200 በላይ የሚሆኑ፣ ምልክት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ናቸው። እባብ፣ ንስር፣ ግማሽ ጨረቃ፣ መስታወትና ማበጠሪያ ያዩባቸዋል። ምልክቶቹ ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀረጻሉ። ለእኔ ለማርኬቲንግ ባለሙያዋ ሎጎ ይመስሉኛል፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን የሰው ስም ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። እስካሁን በእርግጠኝነት ያነበባቸው የለም።

የሚገርመው፣ አንዳንዶቹን ድንጋዮች ያቆሟቸው ፒክቶች አለመሆናቸው ነው። በኤደርተን መንደር አቅራቢያ ከሦስት ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ድንጋይ አለ። የተተከለው በነሐስ ዘመን፣ ፒክቶች ከመምጣታቸው ከሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። እነሱም አልጣሉትም፤ ሳልሞን ዓሣና ሁለት የተያያዙ ክቦች ቀረጹበት። በአበርለምኖ መንደር መንገድ ዳር ካሉት ድንጋዮች አንዱ ደግሞ ፊቱ ላይ የፒክቶች እባብ አለ፤ ዞር ብለው ጀርባውን ቢያዩ ከእነሱ እጅግ የቀደሙ ሰዎች የቦረቦሯቸውን ትንንሽ ጉድጓዶች ያገኛሉ።

ለምን ይሆን? ብዙ ተመራማሪዎች ራሳቸውን ከጥንት አባቶች ጋር ለማስተሳሰርና «ይህ ምድር የእኛ ነው» ለማለት እንደሆነ ያምናሉ።

ሁሉም ወራሽ ግን እንደ ፒክቶች አይደለም። በኢንቨሩሪ ከተማ፣ የጥንት የድንጋይ ክብ በነበረበት ቦታ ያለው የብራንድስበት ድንጋይ በኋለኛው ዘመን ተሰባብሮ የእርሻ አጥር ተሠርቶበት ነበር። ደግነቱ ቁርጥራጮቹ ተገኝተው እንደገና ተገጣጥመዋል።

ከልጆችዎ ጋር ስኮትላንድ የመሄድ ዕድል ከገጠመዎ አበርለምኖን በበጋ ይጎብኙ፤ በክረምት ድንጋዮቹ ከብርድ እንዲጠበቁ በእንጨት ሳጥን ይሸፈናሉ።

እስከዚያው ግን ቤትዎ ያለውን አሮጌ ቁምሳጥን አይሽጡት። በሩን ከፍተው በውስጥ በኩል የእናትዎን ስም ይጻፉበት፤ ከሥሩ ደግሞ ልጅዎ የራሱን ይጨምር። የእኔ ሳጥን አንዴ ሄዷል፤ የእርስዎ ግን ገና እጅዎ ላይ ነው።