አቮካዶ በጓሮ

አቮካዶ መገኛው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ የሆነ፣ በዝምድናውም ከቀረፋ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ የፍራፍሬ ዛፍ ሲሆን፣ ዛሬ በሲዳማ፣ በወላይታና በከምባታ ጓሮዎች ከእንሰትና ከቡና ጋር ተሰባጥሮ ይበቅላል። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ቅጠሉ ጨርሶ ስለማይረግፍ ሳይሆን አሮጌው ሲራገፍ አዲሱ ስለሚተካው ነው፤ ከዛፉ ሥር የሚከማቸውን ይህን ርጋፊ እንደ ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠልም ዛፉን ክፉኛ ከሚጎዱ ልማዶች አንዱ ነው።

ይህም የሚሆነው አቮካዶ ምግቡን የሚስበው በአብዛኛው ከላይኛው የአፈር ንብርብር በተዘረጉ ስስ ሥሮች ስለሆነና እነዚህም ሥሮች ጥላ፣ እርጥበትና አየር በአንድነት ስለሚሹ ነው። ውሃ ሲተኛባቸው ፋይቶፍቶራ የተባለው በአፈር ውስጥ የሚኖር ሥር አበስባሽ ተሕዋስ ያጠቃቸዋል፤ ዛፉም ቅጠሉ እየገረጣና እያነሰ፣ ከጫፍ ጀምሮ ይደርቃል። ስለዚህ ዋልካ አፈር ባለበት ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ ከመትከል አፈሩን ከፍ አድርጎ በጉብታ ላይ መትከልና ዙሪያውን በቦይ ማንጣፈፍ የተሻለ ነው።

ከፍሬ የበቀለ ችግኝ የእናቱን ጠባይ በትክክል አይወርስም፤ ፍሬ ለመስጠትም ብዙ ዓመታት ያስጠብቃል። የተዳቀለ ችግኝ፣ ማለትም ከፍሬ በበቀለ ለጋ ግንድ ላይ ከተመረጠ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ተጣብቆ የታሰረበት ችግኝ፣ በሦስትና በአራት ዓመት ማፍራት ስለሚጀምር ዋጋው ቢወደድም ይመረጣል፤ ሲተከል ግን መጣበቂያው ከአፈር በላይ መቅረት አለበት።

ከሁሉ የሚያስደንቀው አበባው ነው። እያንዳንዱ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ በመጀመሪያ እንደ ሴት ሆኖ የአበባ ዱቄት ይቀበልና ይዘጋል፣ በማግስቱ እንደ ወንድ ሆኖ ዱቄት ይሰጣል። ሀስን የመሰሉ ዝርያዎች ጠዋት ሴት ሆነው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ሲሆኑ፣ ፉዌርቴና ኤቲንገር በአንጻሩ ከሰዓት በኋላ ሴት ሆነው በማግስቱ ጠዋት ወንድ ይሆናሉ። አንድ ዛፍ ብቻውን ማፍራት ቢችልም ሁለቱ ወገኖች ሲቀራረቡ ምርቱ የሚሻሻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጓሮው ጠባብ ለሆነበት ሰው ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ አጥር ለአጥር የተለያየ ወገን መትከል ትልቅ ብልሃት ነው። ዱቄቱን በዋናነት የሚያመላልሱት ንቦች በመሆናቸው በአበባ ወቅት ፀረ ተባይ ከመርጨት መቆጠብ ያስፈልጋል። ከመቶ አበባ አንዱ እንኳ ፍሬ ላይሆን ስለሚችል የአበባው መርገፍ በራሱ የበሽታ ምልክት አይደለም።

ፍሬው ዛፍ ላይ እንዳለ አይለሰልስም፤ የሚለሰልሰው ከተቆረጠ በኋላ ነው። በእንጨት መትቶ ማርገፍ ሥጋውን አቁስሎ ስለሚያጠቁረው፣ ከፍሬው ዘንግ ትንሽ አስቀርቶ በመቀስ መቁረጥ ተገቢ ነው።