ስለ ጕልበት ሕመምና ስለ ስግደት

ጕልበት በክርስቲያን ቤት ሁለት አገልግሎት አለው። በሥራ ቀን ሸክም ይችላል፤ በጸሎት ጊዜ ደግሞ በፈጣሪ ፊት ይንበረከካል። ስለዚህም ጕልበቱ የታመመ ምእመን ኀዘኑ እጥፍ ነው።

በኩታበር የምናውቃቸው አንዲት እናት ውሃ ተሸክመው ዳገት ሲወጡ እግራቸው በድንጋይ መካከል ተይዞ ሰውነታቸው ዞረ፤ በማግስቱም ጕልበታቸው አበጠ። አንዱ ጎረቤት «አጥብቃችሁ እሰሩት» አለ፤ ሌላው «ይታሽ» አለ፤ ሦስተኛው «ከመደብ አይውረዱ» ብሎ መከረ። ወራት ተኙ፤ ጭናቸውም መነመነ። ሰሙነ ሕማማት በደረሰ ጊዜ መስገድ ባለመቻላቸው አፍረው ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ። እንዲህ መተኛታቸውም ሆነ መቅረታቸው አስፈላጊ አልነበረም፤ ይህን መጻፋችንም ስለዚህ ነው።

በጕልበት ውስጥ የአጥንቶቹ ጫፍ ልም አጥንት በሚባል ነጭና ለስላሳ ነገር ተሸፍኗል። በመካከላቸውም ሜኒስከስ የተባሉ፣ እንደ ሠርቀ ወርኅ ጨረቃ የታጠፉ ሁለት ትራሶች አሉ፤ እግር መሬት ረግጦ ሳለ ሰውነት በድንገት ቢዞር ሊቀደዱ ይችላሉ። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ስፖንጅ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ውሃ እንደሚመጥ፣ እርሱም ጕልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ምግቡን ያገኛል። እንግዲህ ለብዙ ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ጕልበት ምግቡ ይጐድልበታል፤ የሚደግፈው የጭን ጡንቻም ይከሳል።

ፊዚዮቴራፒ የሚባለው ሕክምና ይህንኑ ጡንቻ በልክ በሆነ እንቅስቃሴ መልሶ የሚያበረታ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የፊንላንድ ሐኪሞች በጊዜ ብዛት ሜኒስከሳቸው የተቀደደ 146 ሰዎችን መርምረው ነበር። ለእኵሌቶቹ እውነተኛ ቀዶ ሕክምና፣ ለቀሩት የማስመሰያ ብቻ ተደረገላቸው፤ ዓመት ሲሞላ የሁለቱ ወገን ሕመም አልተለያየም። ቢላዋ ሁልጊዜ መድኃኒት እንዳይደለ ከዚህ እንማራለን።

ጕልበት በተጐዳ ሰሞን ሸክም ማቆም፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ይገባል። ፋሻ ቢጠመጠም ጣት እስኪደነዝዝ አይጥበቅ፤ በአገራችን አጥብቆ ከመታሰር የተነሣ ደም ተቋርጦ እግር እስከ መቈረጥ የደረሰበት ጊዜ አለና። እብጠቱ ሲቀንስ እግርን ዘርግቶ ተቀምጦ፣ ከጕልበት በታች የተጠቀለለ ጋቢ አኑሮ፣ እስከ 5 እየቈጠሩ ወደ ታች መጫንና መልቀቅ፤ ይህንም 10 ጊዜ መደጋገም መልካም ነው። ቀጥሎም የተዘረጋውን እግር ስንዝር ያህል ማንሣት፤ በኋላም ከወንበር ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥ ይከተላል። በማግስቱ እብጠት ከጨመረ ልኩ በዝቷልና ይቀነስ። ነገር ግን ጕልበት ታጥፎ አልዘረጋ ካለ፣ ቆሞ መርገጥ ካልተቻለ፣ ወይም ከእብጠቱ ጋር ትኵሳት ከመጣ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ስለ ስግደትስ ምን እንላለን? አባቶቻችን ሥርዓቱን ሲሠሩ ሦስት ስም ሰጥተውታል፦ ግንባር ምድር የሚነካበት ሰጊድ፣ ጕልበት የሚንበረከክበት አስተብርኮ፣ ራስ ዝቅ የሚልበት አድንኖ። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶችም በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ቆሞ መጸለይን አዝዘዋል። እንግዲህ ስግደት ጊዜና መጠን ያለው ሥርዓት ነው። የታመመ ሰው የነፍስ አባቱን አማክሮ በአድንኖ ቢወሰን አምልኮቱ አልጐደለም። መቋሚያም በዜማ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በዚህ ይረዳል፤ በታመመው ጕልበት አንጻር ባለው እጅ ይያዝ፤ ቀኙ ቢታመም በግራ፣ ግራው ቢታመም በቀኝ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ስለ ምርኵዝ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው።

እኒያ እናት በልጃቸው ምክር ደሴ ወርደው ባለሙያ አዩ፤ የተሰጣቸውንም እንቅስቃሴ ማለዳና ማታ ሳያቋርጡ ሠሩ። በዓመቱ በዕለተ ስቅለት መቋሚያቸውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ሌላው ሲወድቅና ሲነሣ እርሳቸው ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ ከሕዝቡ ጋር ሲጸልዩ አየናቸው።

በቤታችሁ ጕልበቱን የሚያመው አረጋዊ ካለ፣ ስለ ምን ከቤተ ክርስቲያን እንደ ቀረ ዛሬውኑ ጠይቁት፤ ምናልባት የቀረው ስላፈረ ይሆናል።