የቦርዶ ግንድ፣ የዝዋይ አፈር

አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር ካሉት ግሮሰሪዎች አንዱ ገብቶ ወይን ያዘዘ ሰው «ጉደር ነው አካሺያ?» ቢባል አይገርመውም። ጉደር ካለ ኮካም አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ቀላቅሎ የሚጠጣው ብዙ ነው። ጉደርና አካሺያ ግን የተለያየ ዘር አላቸው።

ጉደር፣ እንደ አክሱሚት ሁሉ፣ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርት ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ፋብሪካ ለረጅም ዘመን በመንግሥት እጅ ቆይቶ በ2005 ዓ.ም. ወደ ግል ሲዛወር፣ ከገዢዎቹ አንዱ ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ በሊቀ መንበርነት የሚመራው ኤይት ማይልስ የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ነበር።

ተፎካካሪው፣ የአካሺያ አምራች፣ የመጣው በቢራ በኩል ነው። የቦርዶው ነጋዴ የፒየር ካስቴል ኩባንያ በ1991 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስን ቢራ ፋብሪካ ገዛ። ቆይቶም በጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ግፊት ወደ ወይን ገባ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከፈረንሳይ የመጡ የሜርሎ፣ የሲራ፣ የካበርኔ ሶቪኞንና የሻርዶኔ ችግኞች ዝዋይ ላይ፣ አሸዋማ መሬት ውስጥ ተተከሉ። እርሻው ከ100 ሄክታር ይበልጣል። ዙሪያውን 2 ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፍሮለታል፤ ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገባ። የቦርዶ ገበሬ የሚፈራው ውርጭ ነው። እዚያ ግንዱን የሚያስተኛው ብርዱ ሲሆን፣ ዝዋይ ላይ ግን ዕድገቱን የሚቆጣጠረው የገራዡ መቀስ ነው።

ችግኝ በመርከብ ይመጣል፤ ዝና ግን አይጫንም። በ1847 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም በነገሡበት ዓመት፣ የቦርዶ ደላሎች ለፓሪስ ዐውደ ርእይ የወይኖቻቸውን ደረጃ ጻፉ። ደረጃው የተመሠረተው ወይኖቹ ለዓመታት በተሸጡበት ዋጋ ላይ ነበር። ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ኦብሪዮን አንደኛውን ደረጃ ያዙ። ሁለተኛ የተባለው ሙቶን ሮትሺልድ ወደ አንደኛው ለመውጣት እስከ እ.ኤ.አ. 1973፣ 118 ዓመት ጠበቀ።

በዚህ ሚዛን የዝዋይ ወይን ገና ሕፃን ነው፤ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነውና። ካስቴል የአገሩን ጠጪ ያወቀ ይመስላል፤ ሪፍት ቫሊን ስኳር ሳይበዛበት ሠርቶ፣ በጠጅ ላደገ ምላስ ደግሞ ጣፈጥ ያለ አካሺያ አቀረበ። የቦርዶ ስም የመጀመሪያውን ጠርሙስ ያሸጥ ይሆናል። ሁለተኛውን የሚያሸጠው ግን ጣዕሙ ነው፤ ደረጃውንም የሚጽፍለት ከኪሱ ከፍሎ ደግሞ የሚያዝዘው የአዲስ አበባ ጠጪ እንጂ የፈረንሳይ ደላላ አይደለም።