በስምንት ያልተካፈለ ሒሳብ

ባለፈው ዓመት የእኅቴ ልጅ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት ለማመልከት አስቦ፥ የምስክር ወረቀቱን ሁሉ በስካነር አንሥቶ አሰናዳ። ማመልከቻው የሚዘጋው ልክ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ፋይሉ 90 ሜጋባይት ነው፤ የቤቱ መስመር ደግሞ ወደ ውጭ ሲልክ በሰኮንድ «1 ሜጋ» እንደሚሄድ በውሉ ላይ ተጽፎአል። ልጁም «ዘጠና ሰኮንድ፥ ማለት ደቂቃ ተኩል ይበቃኛል» ብሎ፥ ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው የመላኪያውን ቁልፍ ተጫነ። ስድስት ሰዓት ሲሞላ የፋይሉ ግማሽ እንኳ አልሄደም ነበር።

መስመሩ አልተበላሸም፤ ውሉም ሐሰት አልነበረበትም። ልጁን ያሳሳተው በቁና ተዋውሎ በዳውላ ይሰፈርልኛል ብሎ እንደሚጠብቅ እህል ሸማች፥ ሁለት መስፈሪያ ማደባለቁ ነው። የመስመር ፍጥነት የሚነገረው በቢት ሲሆን የፋይል መጠን ግን የሚነገረው በባይት ነው። አንዱ ባይት ስምንት ቢት ይይዛል።

ቢት ማለት ከሁሉ ያነሰው የመረጃ መለኪያ ነው፤ «አዎን» ወይም «አይደለም»፥ 1 ወይም 0 ብቻ ይላል። ቃሉን ጆን ቱኪ የተባለው የሒሳብ ሊቅ እንዳወጣው፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ክሎድ ሻነን በታወቀው ጽሑፉ መስክሮአል። ባይት የሚለውን ስም ደግሞ በ1956 ያወጣው በአይ ቢ ኤም ይሠራ የነበረው ቨርነር ቡኽሆልትስ ነው። በሽቦ ላይ የሚያልፈው ምልክት አንድ ባንድ ስለሚቈጠር የመስመር መሐንዲሶች በቢት ሲለኩ ኖሩ፤ ፊደል የሚያከማቸው ኮምፒዩተር ግን በባይት ይቈጥራል። አንድ የላቲን ፊደል በአንድ ባይት ይጻፋል። ዛሬ ኢንተርኔት በብዛት በሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት የኛው ፊደል ሦስት ባይት ይፈልጋልና፥ «ሰላም» ብሎ ለመጻፍ 9 ባይት፥ ማለት 72 ቢት ያስፈልጋል።

በላቲን ሲያሳጥሩት ቢትን በትንሹ «ቢ»፥ ባይትን በትልቁ «ቢ» ይጽፉታል። በፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለ ዓይናችን ይህን አይጠነቅቅም። በንግግርማ ሁሉም «ሜጋ» ሆኖ ይቀራል!

እንግዲህ መስመሩ በሰኮንድ ስንት ባይት እንደሚያደርስ ለማወቅ ቢቱን ለስምንት ማካፈል ነው። ወረቀትና እርሳስ ያልያዘ ሰው ሦስት ጊዜ ግማሽ ያድርገው፤ 100 ሜጋቢት 50፥ ከዚያ 25፥ ከዚያ 12 ተኩል ሜጋባይት ይሆናል። ባንድ ወቅት በተራ የስልክ መስመር ይሠራ የነበረው ሞደም ፈጣኑ በሰኮንድ 56 ኪሎቢት፥ ማለት 7 ኪሎባይት ያህል ነበር። ባለ 2 ሜጋባይት ፎቶግራፍ በዚያ መስመር አምስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይፈጅ ነበር።

የልጁን ሒሳብ እንደገና እንሥራው። 1 ሜጋቢት ለስምንት ሲካፈል 125 ኪሎባይት ነው። 90 ሜጋባይት በዚህ ፍጥነት 720 ሰኮንድ፥ ማለት 12 ደቂቃ ይፈልጋል። ይህም ቢሆን አይበቃም። በፍጥነት ልክ ኪሎ ሁልጊዜ 1,000፥ ሜጋም 1,000,000 ነው፤ ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒዩተር ግን አንድ ሜጋባይት ብሎ የሚያሳየው 1,048,576 ባይት ነው። (ይህን ልክ ለመለየት በ1998 «ሜቢባይት» የሚል ስም ቢወጣለትም በገበያ አልተለመደም።) ስለዚህ ሰዓቱ ወደ 12 ደቂቃ ተኩል ይጠጋል። በዚህ ላይ ደብዳቤ ያለ ፖስታ እንደማይላክ ሁሉ፥ እያንዳንዱ የመረጃ እሽግ አድራሻውን ተሸክሞ ስለሚሄድ፥ ያም ከመስመሩ ጥቂት ይወስዳል። ጎረቤት በዚያው መስመር ፊልም የሚልክ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው።

ውል ሲፈርሙ አንድ ነገር ደግሞ ይመልከቱ፤ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የመቀበያው ፍጥነት ነው። የመላኪያው በብዙ መስመር ላይ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ማመልከቻ የሚሄደውም በመላኪያው ነው።

ልጁ ዘንድሮ ደግሞ አመልክቶአል። ወረቀቱን ያለ ቀለም፥ በጥቁርና በነጭ ብቻ አንሥቶ ፋይሉን ወደ 12 ሜጋባይት አወረደው። በእርሳስ አስልቶ 96 ሰኮንድ አገኘ፤ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ላከው፥ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላም ደረሰ።