የቻይኮቭስኪ ደብዳቤዎችና የሳንሱር መቀስ

የሩሲያው የሙዚቃ ደራሲ የፒዮትር ኢሊች ቻይኮቭስኪ ስም በተነሣ ቁጥር፣ ለመሰል ጾታው ነበረው የሚባለው ፍቅር እውነት ነው ወይስ ሐሜት፣ እውነትስ ከሆነ በዜማው ውስጥ ይሰማል ወይስ አይሰማም የሚለው ክርክር አብሮ ይነሣል። ተከራካሪዎቹ ዜማውን ለምስክርነት ያቆሙታል እንጂ ሰውዬው በገዛ እጁ የጻፈውን እምብዛም አይጠይቁም። ነገሩ ይህን ያህል ዘመን ሳይቋጭ መቆየቱ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከዜማው ረቂቅነት ይልቅ በደብዳቤዎቹ ላይ ከደረሰው መቈራረጥ የመጣ ነው።

የደራሲው ደብዳቤዎች በሶቪየት ዘመን ከ1959 እስከ 1981 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በተከታታይ ቅጾች ሲታተሙ፣ ስለ ፍቅር ዝንባሌው የተናገረባቸው ስፍራዎች እየተቈረጡ በነጥቦች ተተኩ። በአዘጋጆቹ መፍረድ ይከብደኛል፤ ከ1934 እስከ 1993 በወንዶች መካከል ያለ ፍቅር በአገሩ ሕግ የሚያሳስር ወንጀል ነበርና። ዳሩ ግን በ1990ዎቹ የተቈረጠው ሲገለጥ የታየው ምስጢር ሳይሆን ግልጽ ንግግር ነው፤ ቻይኮቭስኪ በ1876 ዝንባሌውን ለሚጋራው ወንድሙ ለሞዴስት ሲጽፍ፣ ይህ ዝንባሌያቸው የደስታቸው ዋና መሰናክል እንደሆነና እርሱም ለማግባት እንደ ቈረጠ ነግሮታል። በሐምሌ 1877 አንቶኒና ሚልዩኮቫን አገባ፤ ሦስት ወር ሳይሞላም ከእርስዋ ሸሸ።

ነጥቦቹ ባዶ ያስቀሩትን ስፍራ ተረት ሞላው። ስድስተኛው ሲምፎኒ ጥቅምት 28 ቀን 1893 በሴንት ፒተርስበርግ ከቀረበ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ደራሲው በኮሌራ ሞተ። አሌክሳንድራ ኦርሎቫ የተባለች ተመራማሪ በ1979 ከሶቪየት ኅብረት ከወጣች በኋላ፣ የሕግ ትምህርት ቤት ጓደኞቹ በኅቡእ ተሰብስበው መርዝ እንዲጠጣ ፈረዱበት የሚል ታሪክ አሳተመች። የቻይኮቭስኪን የሕይወት ታሪክ የጻፈው አሌክሳንደር ፖዝናንስኪ በብዙ ማስረጃ ተከራክሯታል፤ እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ፤ ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር ሦስተኛ በ1888 በዓመት 3,000 ሩብል የሰጡትንና የቀብሩን ወጪ የከፈሉለትን ሰው፣ የዝንባሌው ቅሌት ቤተ መንግሥት እንዳይደርስ ብለው ባልንጀሮቹ ገደሉት ማለት አያሳምነኝም።

ከዚህ ተረት የተጐዳው ሲምፎኒው ራሱ ነው። በመጀመሪያው ክፍል፣ ሁከቱ በበረታበት ስፍራ፣ የነሐስ መሣሪያዎቹ የሟቹ ነፍስ ከቅዱሳን ጋር እንዲያርፍ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሚለመንበትን የፍትሐት ዜማ ድንገት ያሰማሉ፤ ያንን የሰማ ሁሉ ደራሲው ሞቱን አስቀድሞ ወስኖ ራሱን ፈታ ይላል። ነገር ግን ድርሰቱ የተጀመረው በየካቲት ነው፤ ደራሲውም ለሚመጣው ወራት የኮንሰርት ዕቅድ ይዞ ነበር። ከዚህም በላይ፣ ትናንት ዝንባሌውን ምክንያት አድርገው ሥራውን የሴት ልቅሶ ነው እያሉ ሲያናንቁ የነበሩትና ዛሬ የኅቡእ ፍቅር ኑዛዜ ነው እያሉ የሚያመሰግኑት፣ የአጻጻፉን ጥበብ በመዘንጋት አንድ ናቸው።

መቀሱም ገና አልተሰቀለም። በ2013 ስለዚህ ፍቅር ለልጆች መናገርን የሚከለክል ሕግ በሩሲያ በወጣበት ዓመት፣ የባህል ሚኒስትሩ ቭላዲሚር ሜዲንስኪ ቻይኮቭስኪ እንዲህ ለመሆኑ ማስረጃ የለም አሉ፤ የታተመ ደብዳቤ እያለ! በ2023ም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለመሰል ጾታ አፍቃሪዎች መብት የሚደረገውን እንቅስቃሴ በጅምላ አክራሪ ብሎ ፈረጀው። እንዲህ ባለ ሕግ ሥር ደብዳቤዎቹን ሳይቈርጥ ሊያሳትም የሚነሣ አዘጋጅ፣ የሶቪየቱ ባልደረባው የፈራውን ያህል ቢፈራ አይደንቅም።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ቻይኮቭስኪ የተጻፈ መጽሐፍ እጅህ ሲገባ፣ ጸሐፊው የጠቀሰው እትም የተቈረጠው ነው ወይስ ሙሉው ብለህ ከሁሉ አስቀድመህ ጠይቅ፤ ይህን የማይነግርህን ጸሐፊ በዚህ ጕዳይ አትመነው።